የኋላ ኮርቻ

ሀክኒ፣ ለንደን
ማርች 13፣ 1988

ለውድ ሴድሪክ እና ለውድ ኢኒድ፣

ብርዱ እንዴት ይዟችሁ ከረመ? እዚህ ቤታችን ቧንቧው ሁለት ጊዜ ፈንድቶ፣ ሚስቴ እኔንም ከቧንቧው ጋር አብራ ልትቀይረኝ ምንም አልቀራት። እናንተ ባሕሩ አፍንጫ ሥር ተቀምጣችሁ እንዴት እንደምትችሉት እግዜር ይወቀው።

የምጽፈው ለተለመደው ጉዳይ ነው። የጁላይ ጨረቃ ዘንድሮ የምትሞላው በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አካባቢ ነው። እንደ ወትሮው ጀንበር ስትጠልቅ ከሀክኒ እንነሣለን፣ ሌሊቱን በብስክሌት ስንነዳ እናድራለን፣ ለእሑድ ቁርስ ሆልምሲ፣ እናንተ ደጅ እንደርሳለን። አርባ የሚሆን ሰው ተመዝግቧል፤ ግማሹ አዲስ ነው። ከአዲሶቹ አንዱ ሚስተር ታክዌል የሚባል የታክስ መሥሪያ ቤት ሰው ነው። ብስክሌት ሲነዳም ክራባት ያስራል። ባለፈው ስብሰባ ሕጋችንን ሳስረዳ ነበር፤ መሪው መንገድ በሚታጠፍበት ሁሉ አንድ ሰው ዘብ አቁሞ ያልፋል፣ ዘቡ ለኋለኞቹ በእጁ እያመለከተ ይቆማል፣ የሁሉ መጨረሻ የሆነው ጭራ መጥቶ «ሁሉም አልፏል» እስኪለው ድረስም ንቅንቅ አይልም አልኳቸው። ታክዌል እጁን አወጣና «ዘቡ መቀመጥ ይፈቀድለታል?» አለኝ። ጥርስ ስነቅል በኖርኩበት ዘመን እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሴድሪክ፣ ማኅበሩን ከመሠረቱበት ቀን ጀምሮ ጭራው እርስዎ ነዎት። ዘንድሮም ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌትዎን ባቡር ላይ ጭነው ይመጣሉ ብዬ ይዣለሁ። የመንገዱን ካርታ በዚያ በሚያምረው እጅዎ ቢስሉልን ደግሞ ደስታችን ነው። ኢኒድ፣ አዳራሹንና ቁርሱን እንደ ሁልጊዜው ለእርስዎ ትቻለሁ።

አክባሪያችሁ
ዴንዚል ፍራይ


ሆልምሲ፣ ሰፎክ
ማርች 27

ውድ ዴንዚል፣

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። የእጅ ጽሑፌም አያምርም፤ ሴድሪክ እየጻፈ እኔ ከሥር «ሰላም» ስል ስለኖርኩ እጄ አልተለማመደም።

ለአዳራሹ ቄሱን አነጋግሬዋለሁ። የእሑድ የልጆች ትምህርት ስላለ በጊዜ እንድናስረክብ ነግሮኛል፤ ባለፈው ዓመት ከፒያኖው ውስጥ የተጠበሰ ዳቦ ተገኝቷል ብሎም ወቅሶኛል። የአሳማ ሥጋውን ከዚሁ ከመንደራችን ልኳንዳ አዝዣለሁ። ሥጋ የማይበሉት ስንት እንደሆኑ ጻፍልኝ፤ ለእነሱ ባቄላና እንጉዳይ አበዛለሁ። ዶሮዎቻችን ደህና ናቸው። ነፋሱ የጎረቤታችንን አጥር ወስዶ እኛ ግቢ ጥሎታል፤ እስካሁን መጥቶ አልወሰደውም።

ሴድሪክ ደህና ነው። ካርታውን ዘንድሮ ሌላ ሰው ቢስለው ይላል። የባቡሩን ነገር ገና አልወሰንንም። ስለ ምንጣፍ ማጽጃው የነገርከኝን ሞከርኩት፤ ሠርቷል።

ኢኒድ


ሆልምሲ
ኤፕሪል 19

ውድ ዴንዚል፣

ደብዳቤህን ወጥ ቤት ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አይ፣ አልተጣላንም። አይ፣ በአንተም አልተቀየመም። ልቡም አይደለም። ዳር ዳር ማለቴን ያወቅህብኝ ከምንጣፉ ይሆናል፤ ስለ ምንጣፍ ጽፌ አላውቅም።

ዓይኑ ነው። ከገና ወዲህ የሚያየው ነገር ሁሉ መሃሉ ጠፍቷል። ዳር ዳሩን ያያል። ወደ እኔ ሲዞር ጆሮዬንና ፀጉሬን ያያል፣ ፊቴን አያይም። ኢፕስዊች ያለው ሐኪም «ድፍን ጨለማ አይሆንም፣ የጠፋውም ግን አይመለስም» አለን። ከሐኪሙ እንደ ወጣን እዚያው በር ላይ አስማለኝ። ለማኅበሩ ሰው ቀርቶ ለእህቴ እንዳልናገር ማልኩለት። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይላሉ፤ ይኸው እየበላሁት ነው። ስልክ የማልደውልልህ ስልኩ እሱ ከሚውልበት ወንበር አጠገብ ስለሆነ ነው። ይህን ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እጽፈዋለሁ። ለእህቴ የምጽፍ መስሎት «ሰላም በያት» ብሎኛል። እንደዚህ ያለ ሰው ሆኜ አላውቅም ነበር።

ቤት ውስጥ እንደሚያይ ሆኖ ነው የሚኖረው። ጋዜጣ ይዘረጋል፣ ገጹን በየጊዜው ይገልጣል። ደረጃ አለ ብዬ ካስጠነቀቅኩት እስከ ማታ አያናግረኝም። በጁላይም እሄዳለሁ ብሎ ግግም ብሏል። ጭራ ካልሆንኩ ብስክሌቱን ለዶሮዎቹ ማደሪያ አድርጊው ይላል። ብለቀው በዚያ ጨለማ መኪና ይበላዋል። ባስቀረው ደግሞ ከዚያ ወንበር ዳግመኛ የሚነሣ አይመስለኝም። ሰው ፊት ሳይዋረድ ሌሊቱን የሚወጣበት ብልሃት ካለህ ላክልኝ። ከሌለህም ሆድ ይፍጀው፤ ለማንም እንዳትል።

ኢኒድ


ሀክኒ
ሜይ 8

ውድ ኢኒድ፣

ይህች ወረቀት የእርስዎ ናት፤ ሲጨርሱ ምድጃ ውስጥ ይጨምሯት። ሁለተኛዋን ጮክ ብለው ያንብቡለት። ውሸት አለባት፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። አደራ ሲያነቡ ድምፅዎ እንዳይሰበር። ደግሞ ጉልበትዎን ይፈትሹ፤ የምጠይቀው ትልቅ ነገር ነው።

ዴንዚል

ለውድ ሴድሪክ፣

አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። ኢኒድ ከእርስዎ ተደብቀው ጽፈውልኛል፤ እባክዎ አይቆጧቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ለአርባ ሰው እንቁላል ሲጠብሱ ኖረው፣ ሌሊቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አላዩትም። ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንዴ አብሬ ልንዳ ብለውኛል። ብቻቸውን ልለቃቸው አልችልም። ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ ያ የወጣትነታችሁ ባለ ሁለት ሰው ብስክሌት አለ። ኢኒድን ይዘው በሱ ላይ ጭራ ቢሆኑልን?

አንድ እንቅፋት ግን አለ፣ እሱም የራስዎ ሕግ ነው። ጭራ ማለት ከኋላው ማንም የሌለ ሰው ነው። እርስዎ ከፊት ከተቀመጡ ከኋላዎ ኢኒድ አሉ፤ ጭራው እሳቸው ሆኑ ማለት ነው፣ እርስዎ ሾፌር ነዎት። ጭራነቱን ላለመልቀቅ መሪውን ለኢኒድ ሰጥተው ከኋላ መቀመጥ ግድ ይሆንብዎታል። እንደ እርስዎ ላለ ነጂ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አስበውበት ይጻፉልኝ።

ዴንዚል


ሆልምሲ
ሜይ 15

ዴንዚል፣

እጄን ስላመመኝ ይህን የምትጽፈው ኢኒድ ናት። [እጁ ምንም አልሆነ።] ደብዳቤህ ተነቦልኛል። በመጀመሪያ ሚስቴ ተደብቃ ለጥርስ ነቃይ መጻፏ አስገርሞኛል። ባሌ ብላ ብትጠይቀኝ እምቢ እላት ነበር? [አዎ።]

ሁለተኛ፣ የኋላ ኮርቻ ሻንጣ ነው የሚቀመጥበት። እዚያ የተቀመጠ ሰው መንገድ አያይ፣ ፍሬን አይዝ፣ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ብቻ ነው። [ከተጫጨን ጀምሮ ልጆቹ እስኪመጡ እዚያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሱን ሹራብ ስፌት ከመንገዱ ይልቅ አውቀዋለሁ። ይህን ስነግረው የሹራቡን ስፌት በጣቱ ዳሰሰ።] ምን እየጻፍሽ ነው? እኔ ዝም ባልኩበት ምን ይጻፋል? አጥፊው። [አላጠፋሁትም።]

ሦስተኛ፣ ሕጉን በተመለከተ እውነትህን ነው፣ ያናድደኛል እንጂ። ከጭራ ኋላ ሰው ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ለኢኒድ ስል ከኋላ እቀመጣለሁ። ለእሷ ስል መሆኑ ይመዝገብ። [ተመዝግቧል።] ሰንሰለቱን ራሴ አጥቤ ዘይት አጠጣዋለሁ። ለዚያ ባለ ክራባት ሰው ደግሞ ንገረው፤ ዘብ አይቀመጥም። የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል።

ሴድሪክ ጋሮድ

[ዴንዚል፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ ጋዜጣውን ሳይዘረጋ ወጥቶ ዕቃ ቤት ገባ። እስከ አሁን ሲያፏጭ እሰማዋለሁ።]


ሆልምሲ
ጁን 26

ውድ ዴንዚል፣

ስለ ልምምዱ ለጠየቅኸኝ፣ የመጀመሪያው ቀን አጥር ውስጥ ገባን። ሁለተኛው ቀን ሌላ አጥር። ሴድሪክ ከኋላ ሆኖ «አትፍሪው፣ ብስክሌቱ ከአንቺ ይልቅ መንገዱን ያውቃል» ይለኛል። እሱ ነው የሚለው። አሁን ግን እስከ ፍራምሊንግሃም ሄደን ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። እግሮቹ እንደ ድሮው ናቸው፤ ዳገት ላይ ከኋላ ሰው የሚገፋኝ ነው የሚመስለኝ። ያን ወንበር ከጠላው ቆየ። ይህን ልጽፍልህ ስለፈለግሁ ነው እንጂ አልጠየቅኸኝም።

ዘቦቹን ግን እንዴት ብለን እናልፋለን ላልከው ዘዴ አግኝተናል። ዘብ ባየሁ ቁጥር ደወሏን አንዴ እመታለሁ፤ እሱ ደወሉን ሲሰማ «ሁሉም አልፏል» ብሎ ይጮሃል። ማንም አይጠረጥርም። በአፌ ልንገርህ ብዬው ነበር። «እነሱ እንዲሰሙ ነው?» አለኝና ተውኩት።

ኢኒድ


ሀክኒ
ጁላይ 22

ውድ ኢኒድ፣

ሁሉም ተሰናድቷል። ሻንጣዎቹን የሚያመጣው ቫን ማለዳ አዳራሹ በር ላይ ያራግፋቸዋል። የመመለሻው አውቶቡስ እኩለ ቀን ላይ ይነሣል፤ ሹፌሩ ሰዓት የሚያከብር ኮስታራ ሰው ነው፣ ተጠንቀቁ ብለውኛል። ለማንም አልተነፈስኩም። ታክዌልን ከነፋስ ወፍጮው ሥር ያለችው መታጠፊያ ላይ አቆመዋለሁ። ከናንተ ብዙ አትርቅም፣ እዚያ ስትደርሱም ጎሕ ይቀዳል፤ ለመጀመሪያ ዘብነት ቀላል ናት።

ቅዳሜ ባቡር ጣቢያ እቀበላችኋለሁ።

ዴንዚል


ሀክኒ
ኦገስት 2

ለውድ ሴድሪክና ለውድ ኢኒድ፣

ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው፣ እንደ ምንም ብዬ እልከዋለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነድቼ፣ ሻዬን ይዤ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ ቡናማ ሻንጣ ባለቤት አጥቶ ሳየው ሁሉም ነገር ከአእምሮዬ ጠፋ። የታክዌል መሆኑን ሳውቅ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አድርጌ «ሴድሪክ፣ ወፍጮው ጋ ታክዌልን ከዘብነቱ ፈትተውታል?» አልኩ። እንደ ማንኛውም ጭራ ጠየቅኩዎት። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ፤ ግን መመለሻ አልነበረውም።

«የፈታሁት ይመስለኛል» ቢሉ ማንም ምንም አይልም ነበር። እኔም ተቀብዬ ቫኑን እልክ ነበር። እርስዎ ግን ሹካዎን አስቀምጠው ተነሡ። «አላየሁትም። ዓይኔ ከገና ጀምሮ አያይም። ደወሉን ነበር የምጠብቀው፣ ደወሉም አልተደወለም» አሉ። ሲናገሩ ድምፅዎ ከፍ አላለም፣ አላነሰም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቫኑ ሄዶ ያምጣው ስልዎ «ዘብን የሚፈታው ጭራ ነው፣ ቫን አይደለም» ብለው ኮፍያዎን ፈለጉ። ኢኒድ ሽርጣቸውን ፈትተው ተከተሉዎት። ሌሊቱን ሙሉ የነዱ ሰዎች፣ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ። ማናችንም ተነሥተን አብረን ለመሄድ አልደፈርንም፤ ጭራ አጃቢ የለውማ። ቄሱ አዳራሹን ሲረከበን ባሕር ዳር ጠጠሩ ላይ ወርደን ጠበቅናችሁ። ያ ኮስታራ ሹፌር ሰዓቱን እያየ መጣ። የሆነውን ስነግረው ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ከኛ ጋር ተቀመጠ።

ከዚያ ታክዌል በባሕሩ መከላከያ ግንብ ጫፍ ብቅ አለ፣ ከኋላው እናንተ። ያን ጊዜ የጮህነውን ሰምታችኋል። እኔ ሳልጮህ አለቀስኩ፤ ሹፌሩ ምስክሬ ነው። አሁን የምለምናችሁ እንዳትቀየሙኝ ብቻ ነው።

ዴንዚል


ሆልምሲ
ኦገስት 9

ውድ ዴንዚል፣

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። በዚህ ቤት ከአሁን ወዲህ ሌላ ዓይነት አነባበብ የለም። ተቀይሞ ነበር፣ ባንተ ጥያቄ ግን አይደለም። የተቀየመው ያቺን የሜይ ደብዳቤ ሁለታችን ማቀነባበራችንን ስናዘዝለት ነው። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን «ሾፌር ነህ ያለኝ ግን ጥሩ ነበር» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ አለቀ።

ጥፋቱ ያንተ ሳይሆን የኔ ነው። ከወፍጮው በላይ ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። ያ ብስክሌት ሲንደረደር ሁለት እጄ ፍሬኑ ላይ ነበር፣ ለደወሉ ጣት አልተረፈኝም። ታክዌልን ግን አይቼዋለሁ። መታጠፊያዋ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣን። ቢያንስ በአፌ «ሴድሪክ፣ ሰው አለ» ማለት ነበረብኝ። አፌን የያዘኝ ምስጢሩ ነው። ከታጠፍን በኋላ ደግሞ ባሕሩ ሲሸተኝ ሁሉን ረሳሁት።

ስንመለስ እዚያው ዛፍ ሥር ቆሟል። አልተቀመጠም። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ወጥታለች፣ ክራባቱ ግን አልላላም። ስንቱ መኪና ቆሞ ልሸኝህ እንዳለው እግዜር ይወቅ። ሴድሪክ ከኮርቻው ወርዶ «ሁሉም አልፏል» አለው። ታክዌል ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስታልፉ ሳያችሁ ጭራው እናንተ ናችሁ ብዬ ገምቼ ነበር። ቃሉ ስላልተባለ ግን ምናልባት ሌላ ጭራ ይኖር ይሆናል ብዬ ነው» አለ። እኛ ፀሐይ ላይ ትተነው ሄደን እሱ እኛን ይቅርታ ይጠይቃል። ሴድሪክ እጁን ፈልጎ ጨበጠው። ከዚያ በመንገድ ሁሉ ስለ ታክስ ሲያወሩ ነው የመጡት።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩህም፣ እዚያ ሁሉ ሰው መሃል አልተመቸኝም።

ወደ ወፍጮው ስንመለስ፣ ከአዳራሹ ከወጣን ጀምሮ ቃል አልተናገረም። እኔም ፈራሁት። ያን ሁሉ ሰው ፊት ተናግሮ አሁን ቤቱ ገብቶ በሩን የሚዘጋ መሰለኝ። እግሮቹ ብቻ ከኋላዬ ይሠራሉ። የመንደሩን መጨረሻ ቤት አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ድምፁን ሰማሁ።

«ኢኒድ» አለኝ። «ምን ይታይሻል?»

ከገና ጀምሮ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኩት። ገብሱ በግራ በኩል ወደ ነጭ እንደ ሄደ፣ በቀኝ በኩል ገና እንዳልታጨደ ነገርኩት። ከጎረቤታችን የተወሰደ የሚመስል አጥር ቦይ ውስጥ ወድቋል አልኩት፣ ሳቀ። ሁለት ፈረሶች አሉ፣ አንዱ ጭንቅላቱን በሌላው ጀርባ ላይ አስደግፏል አልኩት። ሰማዩ ምን ዓይነት ነው ሲለኝ የታጠበ ሸሚዝ ዓይነት ነው አልኩት። ድምፄ እስኪሻክር ነገርኩት። ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ባልኩ ቁጥር ከኋላ ኮርቻ ላይ ሆኖ «ከዚያስ?» ይለኛል።

ኢኒድ